የገና ተጫዋች በምን ይመዘናል?

ሰውን በሥራው መመዘን የዳኛና የሹም ተግባር ብቻ አይደለም። ነጋዴ እህሉን በቁና ይሰፍራል፤ አንጥረኛ ወርቁን በሚዛን ያስቀምጣል፤ መምህርም የደቀ መዝሙሩን ዕውቀት በጉባኤ ፊት ይፈትናል። ሚዛኑ የተስተካከለ እንደ ሆነ ሁሉም እንደ ድካሙ ዋጋውን ያገኛል፤ ሚዛኑ የተዛባ እንደ ሆነ ግን ትጉው ከሰነፉ፣ ብልኁም ዕድል ከቀናው ሰው ሳይለይ ይቀራል። ይህ ነገር በፍርድና በሹመት ዘንድ የታወቀ ሲሆን በጨዋታ ሜዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለዚህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚጫወቱትን የገና ጨዋታ አንሥቶ፣ የተጫዋቹ ችሎታ በምን ሊለካ እንደሚገባ መመርመር ከንቱ ድካም አይሆንም።

እነዚህ ሦስት አገሮች ከጉና ተራራ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ተያይዘው የሚገኙ ናቸው። ደጋቸው ንፋስና ውርጭ የበረታበት፣ ቆላቸው ወደ ዐባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ ነው። በታኅሣሥ ወር አዝመራው ታጭዶ ወደ አውድማ በገባ ጊዜ እርሻው ይራቆትና ለልጅም ለጎልማሳም የጨዋታ ሜዳ ይሆናል። በዓለ ልደትም በታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ28 ሲውል፣ ካህናቱ ሌሊቱን በማኅሌት አሳልፈው ቅዳሴው ከተፈጸመ በኋላ ሕዝቡ ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳ ይወርዳል።

የጨዋታው መሣሪያ ጥቂት ነው። አንደኛው ጫፉ የቆለመመ ዱላ ሲሆን ስሙም እንደ በዓሉ ገና ይባላል። ሁለተኛው ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተድቦልቡላ የምትሠራው ሩር ናት፤ ጥንግ የሚሏትም አሉ። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ሩሯ ከመካከል ትነሣለች፤ እያንዳንዱም ወገን ከተቃራኒው ወሰን ለማሳለፍ ይታገላል። በልማድ የተጫዋቹ ቁጥርም የሜዳው ስፋትም የተቈረጠ አይደለም፤ ሜዳው እንደ ቦታው፣ ተጫዋቹም እንደ መንደሩ ሰው ብዛት ነው። አባቶች የጨዋታውን አመጣጥ ሲናገሩ፣ እረኞች የጌታን ልደት በሰሙ ጊዜ ከደስታ የተነሣ በያዙት በትር ተጫወቱ ይላሉ።

በዚህ ጨዋታ አንድ ታላቅ ቁም ነገር አለ። ይኸውም በገና ቀን ጌታ መቆጣት እንደማይገባው በምሳሌ ተደጋግሞ መነገሩ ነው። በሌላው ቀን ሎሌ በጌታው ፊት ቀና ብሎ አይቆምም ነበር፤ በገና ሜዳ ግን ሩሯን ከጌታው እግር ሥር ነጥቆ ቢሄድ፣ ቢቀድመውም ቢያሸንፈውም ነውር አልነበረም። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ቀልድ ብቻ ይመለከቱታል። ነገር ግን አስተውሎ ለሚያየው የምዘና ሁሉ መጀመሪያ ይህ ነው፤ ተመዛኙ ስለ ማዕርጉ፣ ስለ ዘሩ ወይም ስለ ሀብቱ ከተፈራ ሥራው ሊታይ አይችልምና። ገና ሰውን ለአንድ ቀን ከማዕርጉ አራቁቶ ጉልበቱንና ብልሃቱን ብቻ ያሳያል።

ሆኖም ሰው በሜዳ ላይ ታየ ማለት በትክክል ተመዘነ ማለት አይደለም። ጨዋታው ሲያበቃ ያሸነፈው ወገን እየዘፈነ፣ የተሸነፈውንም በግጥም እየነካካ ወደ መንደሩ ይመለሳል። በዚያም ግጥም ውስጥ የሚወደሰው አብዛኛውን ጊዜ ሩሯን ከወሰን ያሳለፈው ነው። ከኋላ ቆሞ አሥር ጊዜ የመጣችውን ሩር አሥር ጊዜ የመለሰው፣ ከግርግር መካከል አውጥቶ ለጓደኛው ያቀበለው፣ ጉልበቱ ዝሎ ሳለ ቦታውን ያልለቀቀው ግን አይነሣም። ግጥሙም ራሱ ጥቂት ሰንብቶ ይረሳል። ከዚህም የተነሣ በየዘመኑ ብርቱ ብርቱ ተጫዋቾች ቢነሡም፣ የልጅ ልጆቻቸው እንኳ ጐበዝ ነበረ ከማለት በቀር በምን ጐበዝ እንደ ነበረ ለይተው ለመናገር አይችሉም።

በባሕር ማዶ በዱላና በኳስ የሚጫወቱ ሌሎች ሕዝቦች ይህን ችግር በመዝገብ ለማቃለል ሞክረዋል። ከነዚህም ጨዋታዎች አንዱ የእንግሊዞች ክሪኬት ነው። በዚህ ጨዋታ ከየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ወርዋሪው ከመቺው ኋላ የተተከሉትን ሦስት ችካሎች ለመምታት ኳሱን ይወረውራል፤ መቺውም ኳሱን በዱላው መልሶ እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። ከአገር ውስጥ ውድድሮች አንደኛ ማዕርግ የሚሰጠው ለሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ለሚቆይ ግጥሚያ ሲሆን፣ ይህም ትርጓሜ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. በደንብ ተወስኗል። የእንግሊዝ አውራጃዎች ውድድር በይፋ በ1890፣ የአውስትራሊያው በ1892፣ ራንጂ ዋንጫ የተባለው የህንዱ ውድድርም በ1934 ተጀምረዋል።

በእያንዳንዱ ግጥሚያ ከሜዳው ዳር መዝጋቢ ተቀምጦ የተወረወረውን ኳስ ሁሉ፣ የተገኘውንም ነጥብ ሁሉ ይጽፋል። የመቺው ችሎታ የሚታወቀው የሰበሰበው ነጥብ ተሸንፎ ለወጣበት ጊዜ ብዛት ተካፍሎ ነው። የአውስትራሊያው ዶናልድ ብራድማን በአገሮች መካከል በተደረጉ ግጥሚያዎች 80 ጊዜ ለመምታት ገብቶ 6,996 ነጥብ ሰበሰበ፤ ከነዚህም 10 ጊዜ ሳይሸነፍ ስለ ቀረ፣ ነጥቡ ለ70 ሲካፈል 99.94 ይደርሳል። በፈረንጆች 1948 ዓ.ም. በለንደን የመጨረሻ ግጥሚያውን ሲጫወት 4 ነጥብ ብቻ ቢያገኝ ስሌቱ መቶ ይሞላለት ነበር። ነገር ግን በተወረወረለት በሁለተኛው ኳስ ያለ አንዳች ነጥብ ተሸንፎ ወጣ። መዝጋቢውም ለታላቅነቱ ሳያደላ ያችን ዜሮ እንደ ሌላው ሰው ዜሮ አድርጎ ጻፋት።

ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን ፍጹም ዳኛ አይደለም። በደረቅና በተስተካከለ ሜዳ መቶ ነጥብ ያገኘ ሰው፣ በረጠበና በተበላሸ ሜዳ ሠላሳ ካገኘው በችሎታ ሊያንስ ይችላል። ኳሷን በአየር ላይ ሊይዝ ሲገባው ያመለጠው ሰው ባጠፋው፣ ነጥቡ የሚቈጠረው በወርዋሪው ላይ ነው። ከዚህም የሚከፋ አለ። በዚያው በ1948 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በህንድ አገር በፑና ከተማ፣ ለማሃራሽትራ የተሰለፈው ባውሳሄብ ኒምባልካር በራንጂ ዋንጫ ግጥሚያ 443 ነጥብ ሰብስቦ ገና ሳይሸነፍ ቆሞ ነበር። የዚያን ጊዜው የዓለም ከፍተኛ ቁጥር ብራድማን በ1930 ያገኘው 452 ነበረ። የተቃራኒው የካቲያዋር ወገን አለቃ፣ እርሱም የራጅኮት መስፍን፣ ነገሩን እንደ ውርደት ቈጥሮ ጨዋታው እንዲቀጥል አልፈቀደም፤ ቡድኑም ሜዳውን ለቆ ሄደ። ኒምባልካርም ክብረ ወሰኑን ለማለፍ 10 ነጥብ ብቻ ሲቀረው ቀረ። ከዚያም በኋላ ለአገሩ ቡድን በይፋ በታወቀ የአገሮች ግጥሚያ አንድ ቀን እንኳ ሳይሰለፍ የጨዋታ ዘመኑን ፈጸመ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። መዝገብ ባይኖር ኖሮ የዚህ ሰው ስም ከፑና ሜዳ ባልተሻገረ ነበር፤ መዝገብ ቢኖርም ቅሉ የመስፍን ቁጣና የመራጮች ፈቃድ የሚገባውን ሊያስቀሩበት ችለዋል። በገና ሜዳ ጌታ አይቆጣም የሚለውን ደንብ ያወጡ አባቶች፣ መጻፍን ቢተዉም፣ በዚህ ረገድ ከክሪኬት መሳፍንት ቀድመው አስበዋል ማለት ይቻላል።

በትዝታና በቁጥር መካከል ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ለማወቅ ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘንድ የታወቁ ናቸው። ድጓን በሌላ ጉባኤ ቤት ዘልቆ የተማረ ሰው እንኳ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። በዚያም አንድ ቀን ባሰማው ድምፅ ብቻ አይፈረድለትም፤ ቃሉ፣ ዜማውና ምልክቱ በየተራቸው ይታያሉ። የድምፅ ማማር ምልክት የሳተውን አያድነውም። በቅኔ ቤትም ተማሪው ቅኔ ቈጠረ ሲባል ነገሩ በጣት የሚቈጠር አይደለም፤ ቤቱ ቢመታ ምሥጢር የሌለው እንደ ሆነ መምህሩ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለው ምዘና ልክም አለው፣ ማስተዋልም አለው።

እንግዲህ ይህ ሥርዐት ወደ ገና ሜዳ ቢመጣ የተጫዋቹ ምዘና በአራት ነገር ሊቆም ይችላል። መጀመሪያው መምታት ነው። ሩሯን አርቆ የሚልክ ሁሉ ጥሩ መቺ አይደለም፤ ወዴት እንደሚልካት ሳያይ የሚመታ ለተቃራኒው ወገን ያገለግላል። ስለዚህ ርቀቷ ብቻ ሳይሆን ከማን ዱላ ላይ እንዳረፈች መታየት አለበት። ሁለተኛው መመለስ ነው። ከወሰኑ አጠገብ የሚቆመው ሰው ሥራው የሚታወቀው በሆነው ነገር ሳይሆን ሊሆን ሲል በቀረው ነገር ነውና፣ ለእርሱ ልዩ ዐይን ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ለወገን ማሰብ ነው። ሩሯን በዱላው እየገፋ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ተመልካችን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከፊቱ ባዶ ቦታ ላይ የቆመ ጓደኛውን አይቶ ያቀበለ ከእርሱ ይበልጣል። አራተኛው ራስን መግዛት ነው። በገና ሜዳ ቅልጥም ይመታል፣ ጥርስም ይሰበራል። በንዴት ዱላውን ከሩሯ አንሥቶ ወደ ሰው የሚያዞር ተጫዋች መቶ ጊዜ ቢያሸንፍ እንኳ ከመልካም ተጫዋቾች ሊቈጠር አይገባውም። ተመትቶ ሳለ ቁጣውን ውጦ ጨዋታውን የቀጠለ ግን ይህ ሊጻፍለት ይገባል።

በእነዚህ በአራቱ ላይ ጊዜና ቦታ ይታሰባሉ። በጉና ግርጌ ከንፋሱ ጋር የሚጫወትና ንፋሱን በፊቱ የሚቀበል አንድ አይደሉም። ቁልቁል የሚመታና ሽቅብ የሚመታም እንዲሁ። ወገኑ በቁጥር የበዛና ያነሰም በአንድ ሚዛን ሊቀመጡ አይገባም።

ይህ ነገር ከበዓል ቀን ጨዋታ ያለፈ ጉዳይ ሆኗል። ገና ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር በባህል ስፖርቶች ውስጥ ተቈጥሮ፣ ሕግ ወጥቶለትና ዳኛ ተሰይሞለት፣ ክልሎች የሚወዳደሩበት ሆኗል። ወደዚህም ውድድር ሰው የሚላከው በመራጮች ዐይን ነው። አንድ የስማዳ ቆላ እረኛ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ወደ ወገዳ ቢወጣና ደክሞት ሳለ ለጥቂት ጊዜ ቢጫወት፣ ከከተማው ወጣት አንሶ መታየቱ አይቀርም። መራጩም ከልቡ ያየውን ፈርዶ ይሆናል፤ ነገር ግን ያየው የሰውየውን ችሎታ ሳይሆን የመንገዱን ድካም ነው። በዚህ ዐይነት ስሕተት የሚጐዳው እረኛው ብቻ አይደለም፤ የላከው ወረዳ ሰው ያጣል፤ ሌሎች እረኞችም የሚያየን የለም ብለው ዱላቸውን ይጥላሉ።

ለዚህ የሚያስፈልገው መድኃኒት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በየአጥቢያው ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ካህን ወይም መምህር አይጠፋም። አንድ ደብተር ተገዝቶ የተጫዋቹ ስም፣ መንደሩ፣ የተጫወተበት ቀን፣ የሜዳውና የንፋሱ ሁኔታ፣ ከዚያም በአራቱ ነገሮች የሠራው ሥራ ቢጻፍ፣ መራጮች ሲመጡ በአንድ ቀን ዕይታ ብቻ አይፈርዱም። ፍርዱም ቢያንስ በሦስት ጨዋታ ላይ የቆመ ይሁን። መዛኞቹ ሁለት ሆነው ከሁለት መንደር ይምጡ፤ የጻፉትም በሽማግሌዎች ፊት ተነቦ፣ ስሕተት አለ የሚል ይናገር።

ጨዋታን በመዝገብ ማሰር ደስታውን ያጠፋል የሚሉ ይኖራሉ። አነጋገራቸው ፈጽሞ ከእውነት የራቀ አይደለም። ስለዚህ የበዓሉ ቀን ገና እንደ ጥንቱ ያለ ቁጥርና ያለ ወሰን ይቆይ፤ በዚያ ቀን ሽማግሌውም ሕፃኑም ይጫወት። መዝገቡ ለውድድር በሚዘጋጁት ላይ ይሁን። ድጓም በቤተ ልሔም ይመሰከራል እንጂ፣ በየደብሩ በየበዓሉ የሚዘመረው ሁሉ ለምስክር የሚዘመር አይደለም።

መዝገብ የሚይዙ ካህናትና ፍርድ የሚሰጡ ሹማምንት ይህን ሥራ እንደ ትንሽ ነገር ሊያዩት አይገባም። ሩር በመምታት ረገድ ያለ አድልዎ ሰውን መመዘን የለመደ እጅ፣ ነገ ግብርን ሲተምን፣ ተማሪን ሲያሳልፍ፣ ሠራተኛን ሲሾም ያው እጅ ነው። በሜዳ ላይ ለዘመዱ ያደላ መዛኝም በሸንጎ አያደላም ብሎ የሚያምነው የለም። እንግዲህ ተጫዋቹ ከመመዘኑ በፊት፣ ሚዛኑን የሚይዘው ሰው አስቀድሞ ራሱን ይመዝን።