«ሕያው ማዳበሪያ»፦ ስያሜውና ለገበሬ አተረጓጐሙ

በግብርና መማሪያ ጽሑፎች እየተዘወተሩ ከመጡት ስያሜዎች አንዱ «ሕያው ማዳበሪያ» ነው። ስያሜው የሚያመለክተው፣ ለተክል ምግብ የሚያዘጋጁ ደቂቅ ዘአካላትን የያዘ ዝግጅትን ነው። በአገራችን ይበልጥ የታወቀው ራይዞቢየም የተባለው የባክቴሪያ ወገን ሲሆን፣ በባቄላ፣ በአተር፣ በሽምብራና በመሳሰሉት ሥር ላይ እባጭ ፈጥሮ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ በሚስማማ መልክ ይለውጣል። ከአየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ሆላንዳዊው ሊቅ ቤየሪንክ ባክቴሪያውን ከሥር እባጭ ለይቶ ያወጣው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው።

፩. «ማዳበሪያ» የሚያስከትለው አሳብ

«ማዳበሪያ» «አዳበረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ነው፤ የሚያዳብር ነገር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ዳፕና ዩሪያ ከተስፋፉ ወዲህ ቃሉ በገበሬው ዘንድ የፋብሪካውን ፍሬ ብቻ ወደ ማመልከት አዘንብሏል። ከዚያም አልፎ የመያዣው ስም ሆኗል፤ በወልቂጤም ሆነ በአዲስ አበባ ገበያ «አንድ ማዳበሪያ እህል» ሲባል የሚታሰበው ከረጢቱ ነው።

እንግዲህ ገበሬው «ሕያው ማዳበሪያ» ሲባል ሦስት ነገር ሊጠብቅ ይችላል። አንደኛ፣ በኩንታል የሚለካ ነገር ይጠብቃል፤ የሚሰጠው ግን በእጅ የሚያዝ ትንሽ እሽግ ነው። ሁለተኛ፣ ጎተራ ሥር ለከርሞ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ዝግጅቱ ግን ጊዜው ሲያልፍ ወይም ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ይሞታል። ሦስተኛ፣ ከዩሪያ ጋር ደባልቆ ሊዘራው ይችላል፤ ይህም ባክቴሪያውን ይጎዳል። በስያሜው ውስጥ ጥንቃቄን የሚያስተምረው «ሕያው» የሚለው ቅጽል ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከመጽሐፍ ቋንቋ የመጣ በመሆኑ በእርሻ ጉዳይ ላይ ወዲያው ትርጉም አይሰጥም።

፪. የቸሃ አብነት

በቸሃ ምድር ዋናው ተክል እንሰት ነው፤ በቸሃ «ኧሰት» ይባላል። የእንሰት ማሳ የሚዳብረው ከቤት በሚወጣ የከብት ፍግ ነው። ስለዚህ «ማዳበሪያ» የሚለውን ቃል የሰማ ገበሬ ራይዞቢየሙን ለእንሰቱ ቢያውለው አያስደንቅም። ራይዞቢየም ግን የሚረዳው ጥራጥሬን ብቻ ነው፤ ለባቄላ የተዘጋጀውም ለሽምብራ አይሆንም። ተርጓሚው የሰብሉን ስም ካላያያዘው ገበሬው በከንቱ ይደክማል፤ በከርሞውም «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል።

አማርኛና ቸሃ ዘመዳሞች መሆናቸውም ተርጓሚውን ሊያዘናጋው ይችላል። በአማርኛ ጠብቆ የሚነገረው «ሰበረ» በቸሃ «ሰፐረ» እንደሚሆን ሁሉ፣ የሚቀራረቡ ቃላት በድምፅም በትርጉምም ይለያያሉ። ሰፊ መረጃ የሚገኝበት የቮልፍ ሌስላው የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገብ በ1979 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እርሱን መመርመር ይጠቅማል፤ የገበሬውን የዛሬ አነጋገር መጠየቅን ግን አይተካም።

፫. ግሡን በተመለከተ

ዝግጅቱን ዘር ላይ የማዋልን ሥራ አንዳንዶች «ዘርን መከተብ» ይሉታል። ክትባት ከበሽታ መከላከያ ስለሆነ አሳቡ ይዛባል። ሥራው ዘሩን በጥቂት ስኳር ውሃ አርጥቦ፣ ዝግጅቱን ጨምሮ፣ በጥላ ሥር በእጅ ማዋሐድና ሳይቆይ በእርጥብ አፈር መዝራት ነው። ለዚህ «ዘር መለወስ» የሚለው የቆየ አነጋገር ይበቃል።

፬. አስተያየት

«ሕያው ማዳበሪያ» በባለሙያዎች ዘንድ ሥር ስለሰደደ ይለወጥ አንልም። ለገበሬ በሚጻፈው ግን ሦስት ነገሮች እንዲጠበቁ እናሳስባለን፦

ሀ. የሰብሉ ስም ይቅደም፤ «የባቄላ ሕያው ማዳበሪያ» ይባል።

ለ. በመጀመሪያው አጠቃቀም «የዘር እርሾ» በሚል ይብራራ። እርሾ ጥቂት ሆኖ ብዙውን ሊጥ እንደሚያነሣ፣ ካልተጠበቀም እንደሚበላሽ እያንዳንዱ ቤት ያውቃል። ለቸሃ የሚተረጉም ግን ቃሉን እንዳለ ከማሻገር ይልቅ በጉድጓድ ከሚብላላው ውሳ፣ ማለትም ከቆጮ፣ ቢነሣ ይሻላል።

ሐ. «ባክቴሪያ» የሚለው ቃል በሽታን ስለሚያስታውስ፣ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ጠቃሚ» የሚል ቅጽል ይጨመርለት።

የስያሜ ሥራ መዝገብ ላይ ቃል በማስፈር አይፈጸምም። ገበሬው ስያሜውን ሰምቶ እሽጉን በጥላ ካስቀመጠው፣ ያን ጊዜ ትርጉሙ ደርሷል ማለት ነው።