ስለ ነጻ የመድን ወኪል ቤትና ስለ ሠራተኞቹ ድርሻ

በአሜሪካ አገር፣ ለአንድ ኩባንያ ብቻ ሳያድር ከልዩ ልዩ የመድን ኩባንያዎች ጋር ውል ይዞ ለደንበኛው የሚስማማውን ዋስትና የሚያፈላልግ ሰው ነጻ የመድን ወኪል ይባላል፤ ሲሳዩም ደንበኛው ከሚከፍለው አረቦን ላይ ኩባንያው ቈርሶ የሚሰጠው ኮሚሽን ስለ ሆነ፣ ይህ ገንዘብ በቤቱ ሠራተኞች መካከል በምን ሥርዓት እንደሚከፈል ያወቀ ሰው የሥራውን ምስጢር ግማሹን አወቀ ማለት ነው።

የእነዚህ ወኪሎች ማኅበር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. በሺካጎ ቆመ፤ በ1904 ዓ.ም. ደግሞ የኒው ዮርክ ይግባኝ ሰሚ ችሎት፣ ናሽናል ፋየር የተባለው ኩባንያ ሱላርድ ከሚባል ሰው ጋር በተሟገተበት ነገር፣ የየደንበኛው ውል የሚያበቃበትን ቀን የያዘው መዝገብ የወኪሉ ሀብት ነው የሚለውን ሥርዓት የሚያጸና ፍርድ ሰጠ። ወኪሉ ቤቱን ሲሸጥ የሚሸጠው፣ ለልጁም ሲያወርስ የሚያወርሰው ዋናው ነገር ይህ መዝገብ ነው፤ መዝገቡም የሚከብረው ደንበኛው በየዓመቱ ውሉን ሲያድስ ነው።

ከባለቤቱ በታች ሁለት ዐይነት ሠራተኞች አሉ፤ አንደኛው አዲስ ደንበኛ ፈልጎ የሚያመጣው ሻጭ፣ ሁለተኛይቱ ከመጣ በኋላ የምትጠብቀው የአገልግሎት ሠራተኛ ናት። የኋለኛይቱን ሥራ በቅርብ ላሳይ። በጠዋት አንድ የግንባታ ተቋራጭ ይደውላል፤ ሠራተኞቹንና መሣሪያውን ጭኖ ከሥራው ቦታ በር ላይ ቆሟል፤ ጠባቂው የመድን ማስረጃ ካላየሁ አላስገባም ብሎታል። ስልኩን ያነሣችው ሴት ውሉን አውጥታ፣ የዋስትናውን መጠን አመሳክራ፣ የባለ ሕንፃውን ስም በማስረጃው ላይ አስገብታ በሩብ ሰዓት ውስጥ ትልክለታለች። ስለዚህ ድካም ኮሚሽን አይታሰብላትም፤ ተቋራጩ ግን በሚመጣው ዓመት ውሉን ሳያመነታ የሚያድሰው ስለዚያች ሩብ ሰዓት ነው።

እንግዲህ አከፋፈሉን እንመልከት። የአንድ ሱቅ አረቦን በዓመት 4,000 ዶላር፣ ኮሚሽኑም ከመቶ 15 ቢሆን፣ ወደ ቤቱ የሚገባው 600 ዶላር ነው። ሻጩ በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ላይ ከመቶ 40 ቢወስድ 240 ዶላር ያገኛል፤ በእድሳት ጊዜም ያው 40 ቢቀጥልለት፣ ያረጀው መዝገብ እንደ ጉልት ሆኖ ያለ ድካም ስለሚያበላው፣ አዲስ ደንበኛ ፍለጋ መውጣቱን እየተወ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ቤቶች የእድሳቱን ድርሻ ዝቅ ያደርጉታል፤ 25 ቢሆን የሻጩ ድርሻ 150 ዶላር ይሆንና የቀረው 450 ለአገልግሎት ሠራተኞች ደመወዝ፣ ለቤት ኪራይና ለባለቤቱ ትርፍ ይውላል። ከዚሁ ላይ ለአገልግሎት ሠራተኛይቱ የዓመት ጉርሻ ቢሰፈርላት፣ ጉርሻውም ባላፈለሰቻቸው ደንበኞች ብዛት ቢለካ፣ ከደመወዟ ሌላ ፍትሕ ያለው ዐስብ አገኘች እላለሁ፤ ይህን የሚነፍጋት ቤት ግን የመዝገቡን ጠባቂ ያስቀይማል። ለአዲስ ሻጭ ደግሞ መዝገቡ እስኪሞላ ድረስ የተቈረጠ ደመወዝ ሊሰጠው ይገባል፤ በባዶ እጁ በኮሚሽን ብቻ የተሰማራ ጀማሪ፣ የዕለት እንጀራውን ሲያስብ ለደንበኛው የማያስፈልገውን ውል ለመሸጥ ይፈተናልና።

የመድን ንግድን የመቈጣጠሩን ሥልጣን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1945 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ ሕግ ለየግዛቱ ስለ ተወ፣ የሻጭነት ፈቃድ የሚሰጠው የየግዛቱ መንግሥት ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ውል ሸጦ ኮሚሽን መቀበል አይፈቀድለትም። ባለቤቱ ሻጩን ሲቀጥር ከሚያስፈርመው ውል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ተጠንቅቆ መጻፍ ያለበት ግን፣ ሻጩ ለቆ ቢሄድ ያመጣቸው ደንበኞች መዝገብ ከማን ጋር እንደሚቀርና ስንት ዓመት ደጃቸውን እንደማይረግጥ ነው፤ ይህም ሁለቱ ገና በተፋቀሩበት በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይፈረም።