ደም ስለ ጽንስ ምን ይነግረናል?

አንዲት ነፍሰ ጡር በስድስተኛው ሳምንት ደም ቢታያት ሐኪሟን የምትጠይቀው «ጽንሱ ደኅና ነውን?» ብላ ነው። በዚህ ወቅት አልትራሳውንድ ሁልጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። ከደሟ ግን ፍንጭ ማግኘት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ፍንጩ ከየት እንደሚመነጭና እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን እንመለከታለን።

ዋነኛው ምልክት ኤችሲጂ የተባለው ሆርሞን ነው። የሚያመነጩትም የእንግዴ ልጅን የሚሠሩት ሕዋሳት ናቸው። ይህ ሆርሞን በእንቁልጢ ላይ የሚገኝ አንድ አነስተኛ እጢ ፕሮጄስትሮን ማምረቱን እንዲቀጥል ያደርጋል። ፕሮጄስትሮን በበኩሉ የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ጽንሱን ይዞ እንዲቆይ ይረዳል። ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ገደማ የእንግዴ ልጁ ራሱ ፕሮጄስትሮን የማምረቱን ሥራ ይረከባል። ስለዚህም የእነዚህ ሆርሞኖች ማነስ የእርግዝናውን መዳከም ሊጠቁም ይችላል።

ይሁን እንጂ አንድ የኤችሲጂ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በጤናማ እርግዝናዎች መካከል እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነውና። ይበልጥ የሚጠቅመን የለውጡ ፍጥነት ነው። የጽንሱ ቦታ በአልትራሳውንድ ካልታወቀ፣ የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ ሆርሞኑ በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ እንዲለካ ይመክራል። መጠኑ ከ63 በመቶ በላይ ከጨመረ እርግዝናው በማኅፀን ውስጥ እያደገ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ከ50 በመቶ በላይ ከቀነሰ ግን የመቀጠሉ ተስፋ የመነመነ ነው። ለምሳሌ 400 የነበረው ልኬት 700 ቢደርስ ጭማሪው 75 በመቶ ይሆናል። 500 ላይ ቢቆም ግን ጭማሪው 25 በመቶ ብቻ ስለሆነ ያጠራጥራል። እርግዝናው ከማኅፀን ውጪ የተፈጠረና ለእናቲቱ ሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ስለሚችል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በሐኪም መታየት ይኖርባታል።

መተንበይ ግን ማዳን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የብሪታንያ ጥናት፣ ደም ለታያቸው 4,153 ነፍሰ ጡሮች ለከፊሎቹ ፕሮጄስትሮን፣ ለቀሩት አስመሳይ መድኃኒት ተሰጠ። በሕይወት የወለዱት 75 እና 72 በመቶ ስለነበሩ በጥቅሉ አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ከዚያ በፊት ሦስትና ከዚያ በላይ ጽንስ በጨነገፈባቸው ሴቶች ዘንድ ግን ውጤቱ 72 እና 57 በመቶ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚጨነግፉት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ የክሮሞዞም ጉድለት ያለባቸው ናቸው። ይህን ጉድለት ምንም ሆርሞን አያቃናውም፤ እናቲቱም በሸክም ወይም በድንጋጤ ያመጣችው አይደለም። እንግዲህ የደም ምርመራው ሐኪሙን ይመራል እንጂ ብቻውን አይፈርድም። በአንድ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የሚወሰድ የችኮላ እርምጃ በሕይወት ያለን ጽንስ ሊያጠፋ ይችላልና።