ፈረስ ይዞ ውጭ ለሚያድር

ጥር 23 ለእንጅባራው የአገው ፈረሰኞች በዓል ከሩቅ የምትመጡ፣ ኮርቻ ማስጌጡ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ፈረሱ የት እንደሚያድር አስቡ። እኛ የእንስሳት ሐኪሞች ከበዓል ማግስት የገመድ ቁስል ስናክም ነው የምንውለው።

በልጓም አስሮ ማሳደር አይገባም። ፈረስ ሲደነግጥ ወደ ኋላ ይስባል፣ ብረቱም ምላሱን ይቆርጠዋል። በራስ ማሰሪያ፣ ከጫንቃው ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ገመዱ መሬት ከነካ እግሩ ይገባበታል፤ ስለዚህ አሳጥሩት፣ ድርቆሹም ይቅረብለት። አንገት ላይ ሸምቀቆ በፍጹም! ቋጠሮው አንዱን ጫፍ ስትስቡት የሚፈታ ይሁን፤ ጅብ እየጮኸ በጨለማ ቋጠሮ የሚፈታ ጀግና ገና አላየሁም።

ባሕር ዳር ዙሪያ ጣና ዳር ለምታሳድሩ ደግሞ፣ ለምለሙ ሣር ቢያጓጓም ከረግረጉ ራቁ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በንክኪ ሳይሆን በጥቃቅን ትንኞች ነው የሚተላለፈው። እነሱም እርጥብ መሬት ላይ ይራባሉ፣ በብዛት የሚናከሱትም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ነፋስ የሚያገኘው ከፍታ ምረጡ፤ ክትባቱንም ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብላችሁ አስከትቡ።

ጠዋት ከመጫናችሁ በፊት አራቱንም እግር ዳስሱ። ያበጠ ወይም የሚያተኩስ ካለ ያ ፈረስ ዛሬ አይጋለብም።