ዜሮው የሚጐበኝባት ከተማ

ቅዳሜንና እሑድን በአምስተርዳም እንዳሳልፍ ያደረገኝ የራሴ ፈቃድ ሳይሆን የተሰረዘ በረራ ነው፤ እስከ ሰኞ ጧት መቀመጫ እንደማይገኝ በትሕትና ከተነገረኝ በኋላ፣ ሻንጣዬን ከማደሪያዬ አኑሬ ጉዳይ እንደሌለው ሰው በቦዮቹ ዳር መዘዋወር ጀመርሁ። ይሁን እንጂ ዕድሜውን በቅየሳ የፈጀ ሰው ዕረፍት ቢያገኝ እንኳ ዓይኑ ከፍታንና ዝቅታን መመርመሩን ስለማይተው፣ ሌላው እንግዳ አበባና ሥዕል ሲያይ እኔ የውሃውን ልክ ስመለከት ዋልሁ። የስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ፣ ከ1849 እስከ 1852 ድረስ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) ውሃው በእንፋሎት መኪና ተመጥጦ የብስ በሆነ ሐይቅ ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ ከአውሮፕላን የሚወርደው መንገደኛ ከባሕር ጠለል ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቆሙን ሳያውቀው ያልፋል።

እኛ በደጋው ምድር የምንሠራ ቀያሾች ባሕርን ሳናይ የምናምን ሰዎች ነን። በእንጦጦ ግርጌ ሌቭሉን አቁመን በደብተራችን 2,500 ሜትር ብለን ስንጽፍ፣ ያ ቍጥር ከአንዱ ቤንች ማርክ (ከፍታው ከታወቀ ቋሚ ምልክት) ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ቀያሽ ምስክርነት ወደ ሌላው እየተላለፈ እንደ ትውፊት የደረሰን ነው እንጂ፣ መነሻውን በዓይኑ ያየ በመካከላችን እምብዛም አይገኝም። በአምስተርዳም ግን ዜሮው ይጐበኛል። ማዘጋጃ ቤቱና የኦፔራው አዳራሽ በአንድነት በሚገኙበት ሕንጻ ውስጥ፣ ጫፉ በትክክል በዜሮ ከፍታ ላይ የዋለ የነሐስ ምልክት አለ፤ በአጠገቡም ውሃ የተሞሉ የመስተዋት ዓምዶች ቆመዋል። ከዓምዶቹ በአንደኛው ያለው ውሃ ከሰው ራስ እጅግ ከፍ ብሎ የሚታየው፣ በ1953 ከጃንዋሪ 31 ወደ ፌብሩዋሪ 1 በሚያሻግረው ሌሊት ማዕበል ግድቦቹን ጥሶ በዚያች አገር ብቻ ከ1,800 የሚበልጥ ነፍስ ባጠፋ ጊዜ ባሕሩ የደረሰበትን ልክ እንዲመሰክር ነው። ይህ የከፍታ መነሻ ለሆላንዶች ብቻ አልቀረም፤ ጀርመን በ19ኛው ምዕት ዓመት የራስዋን መነሻ ከእርሱ ወስዳለች፣ ዛሬም የአውሮፓ የጋራ የከፍታ ሥርዓት በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን የነሐሱ ምልክት ሳይሆን፣ በእሑድ ጧት በእግሬ ሄጄ ያየሁት የዕብነ በረድ ድንጋይ ነው። በ1675 ባሕሩ ከተማይቱን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ ከንቲባና የሒሳብ ሊቅ የነበረው ዮሐንስ ሁደ፣ ከ1683 ሴፕቴምበር ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ የወሽመጡን ውሃ በየዕለቱ ካስለካ በኋላ፣ የዜሮው መነሻ ከሆነው ከአማካይ የሙላት ልኩ 9 ጫማ ከ5 ኢንች ከፍ ብሎ የባሕር ግድቡን ከፍታ የሚያመለክት ጭረት የተቀረጸባቸውን ስምንት ድንጋዮች በውሃ መዝጊያዎቹ ግንብ ላይ አስተከለ፤ ከእነዚያም በቀድሞ ቦታው የቀረው አንዱ ብቻ ነው። ሹም ሁሉ ቍጥሩን ዛሬውኑ አምጡልኝ በሚልበት ሙያ ውስጥ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ከመናገሩ በፊት ዓመት ሙሉ ውሃ ያስለካ ከንቲባ መኖሩ እንደ ተአምር ታየኝ።

ይህን ሁሉ ትጋት የቅንጦት ጥንቃቄ ነው የሚል ካለ ቤቶቹን ይመልከት። ከተማይቱ የቆመችው በረግረግ ውስጥ በተተከሉ ግንዶች ላይ ነው፤ ከ1648 ጀምሮ የተሠራው የዛሬው ቤተ መንግሥት ብቻ 13,659 ግንዶችን ተሸክሟል፣ ወይም በትክክል ለመናገር እነርሱ ተሸክመውታል። እንጨት በውሃ ተውጦ አየር እስካላገኘው ድረስ ለብዙ ዘመን ይጸናል፤ ውሃው ዝቅ ብሎ ራሱ የተገለጠ ዕለት ግን መበስበስ ይጀምራል። ስለዚህም የቦዮቹ ውሃ ከዜሮው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በዚያው ልክ እንዲጸና መዓልትና ሌሊት ይጠበቃል። (ወደ ፊት ያዘነበሉት ቤቶች ብዙዎቹ ዕቃ በገመድ ሲሳብ ግድግዳውን እንዳይመታ ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ወደ ጎን ያዘነበሉት ግን የመሠረት ሕመምተኞች ናቸው።) ጥበቃው ሁሉን አያድንም፤ በ2020 በግሪምቡርግቫል የቦዩ ዳር ግንብ ተደርምሶ ውሃ ውስጥ ገብቷል።

በእኛ ዘንድ መንገድ በሰፋ ቍጥር የዶዘር ምላስ ቤንች ማርኩን ከነኮንክሪቱ ነቅሎ ይጥለዋል፤ ከዚያም በአንድ ሰፈር ሁለት መሐንዲሶች ሁለት ከፍታ ይዘው በፍሳሽ ቱቦ ይከራከራሉ። ስለዚህ ከአምስተርዳም እንደ ተመለስሁ፣ አዲስ ምልክቶች በመንገድ ዳር መተከላቸው ቀርቶ ዶዘር በማይደፍራቸው በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት መሠረት ላይ እንዲተከሉ፣ የእያንዳንዱም ጠባቂ በስም እንዲመዘገብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፍሁ። ደብዳቤው ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል።