ከሰማይ የወደቀ ሁሉ የተተኮሰ አይደለም

በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየተቆራረጠ የሚያልፍ እሳት የሚያሳይ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ወቅቱ የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ የሚሰማበት ነበር። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የህዋ ፍርስራሽ ወይም የህዋ አለት ሳይሆን አይቀርም ቢልም፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ጋራዦች እስከ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ የተወራው ሌላ ነው፦ የአሜሪካ ጦር በሶፍትዌሩ ህዋ ላይ ያለችውን ብሎን ሳይቀር ይከታተላል፤ የምትወድቅበትን ቦታ እያወቀ ዝም ካለ ሆን ብሎ ጥሎብናል።

ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሳም። ህዋን የመከታተል ሥራ ያደገው በጦር ሠራዊት እጅ ነው። አስመራ በነበረው ቃኘው ጣቢያ አሜሪካኖች ግዙፍ ሳህን አንቴና ተክለው የሶቪየት መንኮራኩሮችን ያደምጡ ነበር። ዛሬም ዓለም የሚጠቀምበትን ዋናውን የህዋ ቁሶች መዝገብ የሚይዘው የአሜሪካ ጦር ነው።

መከታተል ግን የሚወድቅበትን ቦታ ማወቅ አይደለም። ሶፍትዌሩ የሚሠራው ራዳር አልፎ አልፎ ካየው ተነስቶ ቀጣዩን መንገድ በማስላት ነው። ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነው አብዛኛው ስብርባሪ መዝገቡ ውስጥ የለም፤ ብሎኗ እዚህ ላይ ቀረች። ትልቁም ቢሆን ሊወድቅ ሲል ያስቸግራል። የላይኛው አየር በፀሐይ ግለት ያብጣል፣ ይሰበሰባል፤ ቁሱም ይገለባበጣል። በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር ከአቃቂ ጎንደር ለመድረስ አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ስሌቱ በ10 ደቂቃ ከተሳሳተ አህጉር ተሳሳተ ማለት ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቻይና ሮኬት አካል ሊወድቅ ሲል ስፔን ከአየር ክልሏ ከፊሉን ዘጋች፤ አውሮፕላኖች ተጉላሉ፤ ሮኬቱ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ወደቀ። ሁሉን ያያል የሚባለው ጦርም ቢሆን በፈረንጆች አቆጣጠር የ1980ዎቹን የኮምፒዩተር ሥርዓት ለመተካት ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ለዚሁ የተጀመረ አንድ ፕሮጀክት መሃል ላይ ተቋርጧል።

መንቀጥቀጥ ፈርቶ ልጆቹን ታቅፎ ከአራተኛ ፎቅ ለወረደ ሰው «ተተኩሶብናል» የሚል ድምፅ ቀርጸው የሚልኩትን ሰዎች ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም። ላይክ ፍለጋ ይህን ያህል ያስጨክናል?

ሌሎቹ ወሬዎች ብዙ አያደክሙም። በሰልፍ የሚጓዙት መብራቶች ሚሳይል ሳይሆኑ አዲስ የተለቀቁ የስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የእኛዋ ሳተላይትም ሰው የምትሰልል አልነበረችም፤ ምስሏ ላይ አንዷ ነጥብ 13.7 ሜትር ስፋት ስለነበራት ቤትን ከቤት መለየት እንኳ ያስቸግራት ነበር።

ከህዋ የወደቀ ብረት ውድ ነው የሚለው ወሬ ግን ለቃሊቲ ያሰጋኛል። ቁራሌው የሰበሰበው ብረት እዚሁ ተመዝኖ ወደ ማቅለጫ ይገባል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ኬንያ ማኩዌኒ ውስጥ 500 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት ቀለበት መንደር ላይ ወድቋል፤ እኛም ጋ ሊሆን ይችላል። ከሳተላይት የወደቀ ጋን ውስጥ ሃይድራዚን የሚባል መርዛማ ነዳጅ ሊቀር ስለሚችል በመጋዝ አትቁረጡት፣ በእጅም አትንኩት፤ ልጆችን አርቃችሁ ለፖሊስ ደውሉ።