ከኢፍጣር የተረፈ ዶሮ ለሾርባ

እንግዳ በተጋበዘበት ቤት ከዶሮው ጥብስ የሚተርፈው አጥንትና ጥቂት ሥጋ ነው። ብዙዎቻችን እንጥለዋለን፤ ለነገው ኢፍጣር ግን ጥሩ ሾርባ ይወጣዋል።

እንደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባለ ሞቃት ከተማ ከአሠራሩ በፊት የሚታየው የቆየበት ጊዜ ነው። የበሰለ ሥጋ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከ1 ሰዓት በላይ። እስከ ሱሑር ገበታ ላይ የቆየውን ማፍላት አያድነውም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በመፍላት አይጠፋምና። ሽታው ደህና መሆኑም ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ገበታው እንደተነሣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታችሁ ሁለቱንም ፍሪጅ አስገቡ። በማግስቱ አጥንቱን በቀዝቃዛ ውኃ ጥዳችሁ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቁንዶ በርበሬ ጨምሩና በለስላሳ እሳት ለ1 ሰዓት ተኩል ያህል ቀቅሉት። ከዚያ በማጥለያ አጥሉት፤ የአጥንት ስብርባሪ ለሕፃናት አደገኛ ነው። በመረቁ ላይ አጃና ድንች አብስሉ፤ ሥጋው መጨረሻ ይግባና አብሮ ይንተክተክ። ጥብሱ ቀድሞ ጨው ስለገባበት ጨው አታብዙ፤ በተለይ የደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ። (ቅምሻውን ላልጾሙ ልጆች መተው ይቻላል!)

የተረፈውን ሾርባ ቶሎ እንዲበርድ በዝርግ ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ስታሞቁት የምትበሉትን ያህል ብቻ ቀንሳችሁ እስኪፈላ አሙቁ።